የባሌት ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት ሳምንቱን ቁጠሩ

ልጄ የመጀመሪያዋን ኮንትራት ያገኘች ቀን ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። አባቷ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደወለ። እኔም እልል ብያለሁ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የለፋችበት ነውና ደስታው ይገባት ነበር። ማታ ሰዉ ሲበተን መነጽሬን አደረግሁና ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰው ሒሳብና ታክስ ስሠራ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት ያስጨንቀኛል።

ደመወዙ "በሳምንት 650 ዶላር" ይላል። አባቷ ስልኩን አውጥቶ በ52 አባዛው። 33,800 መጣ። "ለጀማሪ ምን ይወጣለታል!" አለ። እኔ ግን ሁለተኛውን ገጽ ገልጬ ነበር። እዚያ ላይ "36 ሳምንት" ተብሎ ተጽፏል። 650 በ36 ሲባዛ 23,400 ነው። ለ12 ወር ስታካፍሉት በወር 1,950 ዶላር ይመጣል፤ ያውም ታክስ ሳይነካው። ልጄ ዝም አለች። አባቷም ስልኩን አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ የእሷን ኮንትራት በየዓመቱ አብረን እናነባለን። የጓደኞቿንም አይቻለሁ። እዚህ አካባቢ ልጆቻቸው የሚደንሱ ሐበሾችም ያመጡልኛል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ዓይን የት የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ተምሬአለሁ። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ ሠርቼበት የማውቀው የዚህን አገር ወረቀት ነውና።

ስንት ሳምንት? የትኞቹ ሳምንታት?

የባሌት ካምፓኒዎች አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ አይሠሩም። ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ላይ ይጀምራሉ፤ ሜይ አካባቢ ይዘጋሉ፤ ይህን ጊዜ ሲዝን ይሉታል። መሐል ላይም ሥራ የሌለባቸው ሳምንታት አሉ። "ሌይ ኦፍ" ይሏቸዋል። ልጃችሁ ተባረረች ማለት አይደለም። ያ ሳምንት አይከፈላትም ማለት ነው።

ስለዚህ ከሳምንቱ ደመወዝ በፊት የሳምንቱን ብዛት ፈልጉ። ሲገኝ ደግሞ ከፊቱ ያሉትን ቃላት አንብቡ። "እስከ 36 ሳምንት" እና "ከ36 ሳምንት ያላነሰ" ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያው ጣራ ነው፤ 30 ሳምንት ብቻ ቢያሠሯት ውሉን አላፈረሱም። ሁለተኛው ወለል ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይችሉም። የጎረቤታችን ልጅ የያዘው ኮንትራት "እስከ" የሚል ነበር። አንድ ቃል ነች፤ የስድስት ሳምንት ደመወዝ ግን አሳጥታዋለች።

ቀጥሎ ካላንደሩን ጠይቁ። የትኞቹ ሳምንታት ይከፈላሉ፣ የትኞቹ አይከፈሉም የሚለው ከሞላ ጎደል ቀድሞ ይታወቃል። እኛ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈን የሚከፈለውን በአረንጓዴ፣ የማይከፈለውን በቀይ እናቀልመዋለን። ኪራይ ቀዩን ሳምንት አይቶ አይምርም። ስለዚህ ከየአረንጓዴው ሳምንት ላይ ለቀዩ የሚሆን ይቀመጣል።

ለቀዩ ሳምንት ሌላም ነገር አለ። የሥራ አጥ ክፍያ፣ አንኢምፕሎይመንት የምንለው። እዚህ ላይ ከብዙ ወላጅ ጋር ተከራክሬአለሁ። "ልጄ እየሠራች የመንግሥት እርዳታ ትለምን?" ይሉኛል። ልመና የለበትም። ለዚህ ኢንሹራንስ አሠሪው በየሠራተኛው ስም ታክስ ይከፍልበታል። ሲዝኑ ሲዘጋም ሆነ መሐል ላይ ሌይ ኦፍ ሲሆን፣ መስፈርቱን እስካሟሉ ድረስ ዳንሰኞች ይወስዱታል፤ ከኑሮአቸው ጋር የተሠራ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ጣራው በሳምንት 430 ዶላር ነበር። ማመልከቻው የሚገባው ሥራው በተሠራበት ስቴት ነው፤ ልጅቷ ወደ እናንተ ቤት ለእረፍት ብትመጣም እንኳ። ሥራ ባቆመችበት ሳምንት ወዲያው ይሞላ። የዘገየው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይከፈልም።

የትኛው እርከን ላይ ናት?

"ካምፓኒ ገባች" ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ከላይ ፕሪንሲፓል፣ ማለትም ዋና ዳንሰኛ አለ፣ ከዚያ ለብቻው የሚደንሰው ሶሎይስት፣ ከዚያ ኮር ደ ባሌ፤ ማለትም በቡድን የሚደንሱት። ከእነሱ በታች አፕረንቲስ (ተለማማጅ)፣ ሰከንድ ካምፓኒ (የጀማሪዎች ቡድን) እና ትሬኒ (ሠልጣኝ) አሉ። ትሬኒ የሆነች ልጅ መድረክ ላይ ከሌሎቹ ጋር ቆማ ትታያለች፣ ግን አንዳንድ ቦታ አንድ ሳንቲም አታገኝም። እንዲያውም ትምህርት ክፍያ የምትከፍል አለች።

አፕረንቲስ ለሚሆን ልጅ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በዚህ እርከን ላይ ቢበዛ ስንት ሲዝን ልታቆዩኝ ትችላላችሁ? ገደብ ያለበት ቦታ አለ። ገደብ የሌለበት ቦታ ልጁን በግማሽ ደመወዝ ሦስትና አራት ዓመት ያንከባልሉታል። የሃያ ዓመት ልጅ ጉልበት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ደብሊው-2 ወይስ 1099?

ይህ የእኔ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በየዓመቱ ማርች ላይ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ የሚያለቅስ ወጣት አላጣም። ዓመቱን ሙሉ የሠራበት ቦታ ታክስ ሳይቆርጥለት ከርሞ 1099 የሚባለውን ፎርም ልኮለታል። ያ ፎርም "ይህ ሰው ሠራተኛዬ አይደለም፣ የራሱ ሥራ ያለው ነው" ማለት ነው።

ደብሊው-2 ደግሞ አሠሪ ለሠራተኛው የሚሰጠው የደመወዝ ፎርም ነው። እሱ ያለው ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) 7.65 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ሌላውን ግማሽ አሠሪው ይከፍላል። 1099 ያለው ሁለቱንም ግማሽ ራሱ ይሸከማል፤ 15.3 በመቶ። በ10,000 ዶላር ላይ ወደ 1,400 ዶላር ይደርሳል፣ የገቢ ታክሱ ሳይጨመር። ከዚህም የከፋው፣ የሥራ አጥ ክፍያ የለውም። ሲጎዳም የሠራተኛ ጉዳት ካሳ የለውም።

ግን ሕጉ የወረቀቱን ስም ብቻ አያይም። "ክላስ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው፣ ይህን ልበሺ፣ ይህን ሮል ትሠሪያለሽ፣ ሌላ ቦታ ያለ ፈቃዴ አትደንሺም" የሚል ካምፓኒ አሠሪ ነው ብዬ ነው የምከራከረው። ሥራውን ማን ነው የሚቆጣጠረው? ጥያቄው ይህ ነው። አከራካሪ ከሆነ የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ራሱ እንዲወስን የሚጠየቅበት ኤስኤስ-8 የሚባል ፎርም አለ። ከመፈረም በፊት ግን "ደብሊው-2 ነው የምትሰጡኝ?" ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይቀላል።

ባለ ደብሊው-2ዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቁኛል። "ለጫማ ያወጣሁትን ከታክስ ላይ ላስቀንስ?" የፌዴራል ታክስ ላይ ከ2018 ወዲህ ተራ ሠራተኛ ይህን ማድረግ አይችልም። ለመድረክ ባለሙያ የተተወች ጠባብ በር ነበረች። በዓመቱ ቢያንስ ሁለት አሠሪ ዘንድ መሥራት ይጠይቃል፤ አጠቃላይ ገቢው ደግሞ ከ16,000 ዶላር እንዳይበልጥ። ይህ ቁጥር በ1980ዎቹ ተወስኖ እዚያው የቀረ ነው። የልጄ ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ለዚያች በር ግን ይበዛል። በጣም ያናድደኛል።

ቀኑን ፈልጉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቋሚ ቅጥር የሚባል ነገር እናውቃለን። ሰው ከተቀጠረ ተቀጠረ ነው። የባሌት ኮንትራት የአንድ ሲዝን ነው። በየዓመቱ ውሉ ይታደሳል ወይም አይታደስም። ስለዚህ የሥራ ዋስትናዋ ያለው አንድ ቀን ላይ ነው፦ "የሚቀጥለውን ዓመት ውሳኔ እስከ መቼ ይነግሩኛል?" የሚለው።

ለምን መሰላችሁ? በዚህ አገር ካምፓኒዎች ዳንሰኛ የሚፈልጉበት ኦዲሽን አብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ቦታው ይሞላል።

የልጄ የመጀመሪያ ካምፓኒ ዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር፣ አልነበረውም። ኮንትራቷ ላይ ስለዚህ ቀን የሚል አንድ መስመር አልነበረም። እኔ ያለውን ሁሉ አንብቤ የጎደለውን አላየሁም። ሁለተኛ ዓመቷ መጨረሻ፣ ሜይ ላይ፣ ከልምምድ በኋላ ቢሮ ጠሯት። "ለሚቀጥለው ሲዝን ቦታ የለንም" አሏት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጣ ደወለችልኝ። የቦርሳዋ ዚፕ ይሰማኛል፤ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። መጀመሪያ ያለችኝ "እማዬ፣ ኦዲሽኑ እኮ ሁሉም አልፏል" ነው። መባረሯ ሁለተኛ ነበር። ማርች ላይ ነግረዋት ቢሆን ኖሮ የምትሄድበት ነበራት። ያንን ዓመት ልጆች እያስተማረችና ቡና ቤት እየሠራች አሳለፈች። በየጠዋቱ በራሷ ገንዘብ ክላስ ትወስድ ነበር፤ አካሏ እንዳይፈታ።

አሁን ያለችበት ካምፓኒ ዩኒየን አለው። ኮንትራቱ "እስከ ፌብሩዋሪ 15 በጽሑፍ" ይላል። የማይፈልጓት ከሆነ እስከዚያ ቀን መንገር አለባቸው። ቀኑ ካለፈ ምን ይሆናል የሚለውንም እዩ። ዝምታው ለማን ነው የሚያደላው? ጥሩ ውል ደብዳቤው ካልመጣ ታድሷል ይላል። ደካማው ስለዚህ ዝም ይላል።

ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ከመጣላችሁ ከፊርማ በፊት አጭር ኢሜይል ይላክ። "ስለ ቅጥሩ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ሲዝን ያላችሁን ውሳኔ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በውሉ ላይ ሊገባልኝ ይችላል?" በቃ፣ ይህችው። ደመወዝ ጨምሩ ሲባሉ እንቢ የሚሉ ሰዎች ቀን ስጡን ሲባሉ ይሰጣሉ፤ ገንዘብ አያስወጣቸውማ። የእህቴ ጓደኛ ልጅ በዚህ መንገድ አግኝታለች።

ሲዝኑ መሐል ላይ ስለ ማሰናበት የሚለውንም አንብቡ። "በበቂ ምክንያት" የሚል ከሆነ ምክንያት ማሳየት አለባቸው። "በጥበባዊ ውሳኔ" ወይም "በማንኛውም ጊዜ" የሚል ከሆነ 36ቱ ሳምንት የተጻፈበት ገጽ ዋጋው ይቀንሳል።

ዩኒየኑ

የባሌት ዳንሰኞችና የኦፔራ ዘፋኞች ማኅበር አግማ ይባላል። በ1936 ነው የተቋቋመው። ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት፣ አሜሪካን ባሌት ቲያትር፣ ሳን ፍራንሲስኮ ባሌት፣ እዚሁ አጠገባችን ያለው ዋሽንግተን ባሌትም በእሱ ሥር ናቸው። ዩኒየን ባለበት ቤት ሳምንቱ፣ የማሳወቂያው ቀን፣ የልምምድ ሰዓቱ፣ የእረፍቱ ደቂቃ፣ የጉዞ አበሉ፣ የጫማው ቁጥር ሁሉ በአንድ ትልቅ ስምምነት ውስጥ ተጽፏል። የልጃችሁ ኮንትራት ሁለት ገጽ ቢሆን አትደንግጡ። ከበስተኋላው ያለውን ትልቁን ሰነድ ጠይቁና እሱን አንብቡ። ብዙ ዓመት ላገለገለ ዳንሰኛ የስንብት ክፍያ የሚሰጥም አለ፤ ስንት ዓመት እንደሚጠይቅ እዚያው ታገኙታላችሁ።

በ2005 የዋሽንግተን ባሌት ዳንሰኞች አግማን መረጡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከካምፓኒው ጋር ባለመስማማታቸው በገና ሰሞን የሚታየው ባሌት፣ የ"ነትክራከር" ትርኢቶች ተሰረዙ። ያኔ በዜና ሰምቼ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ይገባኛል። "ነትክራከር" ለአንድ ካምፓኒ የዓመቱ ትልቁ የትኬት ገቢ ነው። ዳንሰኛው አቅም የሚያገኘው በዚያ ወር ነው።

ዩኒየን የሌለበት ቤትም ልጆቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ1935 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እርስ በእርስ እንዲነጋገሩና እንዲደራጁ ይፈቅዳል። "ደመወዛችሁን ለማንም አትናገሩ" የሚል አለቃ ሕግ እየጣሰ ነው። ዳላስ ውስጥ ዳላስ ብላክ ዳንስ ቲያትር የሚባል አለ፤ ባሌት ብቻ የሚሠራ አይደለም። በ2024 ዳንሰኞቹ አግማን መረጡ። በዚያው በጋ የዋናው ካምፓኒ ዳንሰኞች ተባረሩ። ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የሥራ ግንኙነት ቦርድ ሄደ። ዓመቱ ሳያልቅ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ስምምነት ተዘጋ። ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁን "ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ" ከማለታችሁ በፊት እንድታስቡበት ነው። እኔም ብያታለሁ። ዛሬ አልላትም።

ስትጎዳ

ዳንሰኛ ሕመም ይደብቃል። ልጄ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ በረዶ አስራ "ደህና ነኝ" ትለኛለች። ሮሏን እንዳይወስዱባት ትፈራለች። ግን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በዕለቱ በጽሑፍ ካልተነገረ በኋላ "ቤትሽ ነው የወደቅሽው" ይመጣል። አጭር ኢሜይል ወይም ቴክስት ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው ልምምድ ላይ፣ የትኛው እግር። የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ሕክምናውን ይሸፍናል፤ መሥራት ካልቻለችም በብዙ ስቴቶች ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን፣ እስከ ተወሰነ ጣራ፣ ይከፍላል። የጤና ኢንሹራንስ ሌላ ነው። እሱን ካምፓኒው ካልሰጠ እስከ 26 ዓመቷ በእናንተ ሥር ልትቆይ ትችላለች።

ዲሴምበር ላይ ደግሞ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ለ"ነትክራከር" እንግዳ ዳንሰኛ ይቀጥራሉ። ገንዘቡ ጥሩ ነው። ግን ያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ 1099 ነው። እዚያ ብትሰበር የዋናው ካምፓኒ ካሳ አይሸፍናትም። ኮንትራቷ ውጭ መደነስን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማ ታጣራ። ግማሹን ገንዘብ በቅድሚያ ትቀበል፤ ቲኬትና ሆቴሉን ማን እንደሚከፍልም ይጻፍ።

ጫማው

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ይመስላል። በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ፖይንት ጫማ ዛሬ አንዱ ጥንድ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ከበድ ባለ ትርኢት በአንድ ምሽት ይሞታል፤ ጫፉ ይለሰልስና አይሸከማትም። አዲስ ሲመጣ ሪባኑን የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ በጥርስ ማጽጃ ክር፣ ተራ ክር ስለሚበጠስ። ካምፓኒው ጫማ ይሰጣል? በሳምንት ወይም በሲዝን ስንት ጥንድ? አፕረንቲሶችንስ ይጨምራል? በጽሑፍ ይሁን።

ለእኛ ልጆች ደግሞ ቀለሙ አለ። የልጄን ሮዝ ጫማ ከፋርማሲ በገዛነው ፋውንዴሽን በሚባል የፊት ቅባት በስፖንጅ እየቀባን ስንት ሌሊት አንግተናል። በ2018 ፍሪድ የሚባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ባሌት ብላክ ከተባለው ካምፓኒ ጋር ሆኖ ቡናማ ጫማ አወጣ፤ ዛሬ ሌሎችም አሉ። በቆዳ ቀለም ልክ የሆነ ጫማና ታይት የሚፈለግባት ከሆነ ካምፓኒው ይግዛ። ፋውንዴሽኑንም ቢሆን ይክፈል። ይህን ስትጠይቅ አፏ እንዳይያዝ እኔ ከጎኗ ሆኜ አብረን ተለማምደናል።

ሌላ አገርና ከዚያ በኋላ

አውሮፓ የሚሄድ ልጅ ካለ፣ ጀርመን ውስጥ የመንግሥትና የከተማ ቲያትሮች ደንብ ጠንካራ ነው። ውሉ የማይታደስ ከሆነ ኦክቶበር 31 ላይ ወይም ቀደም ብሎ ይነገራል፤ ከዚያ በፊት ዳንሰኛው ተጠርቶ መደመጥ አለበት። ካልተደመጠ ውሳኔው አይጸናም። እዚያ አንድ ቤት 15 ዓመት የሞላው ሰው በቀላሉ አይነካም። ለዚህም ነው ቲያትሮቹ 14ኛው ዓመት ላይ ዓይናቸው የሚቀላው። ፓሪስ ኦፔራ ደግሞ ዳንሰኛ በ42 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በ2019 መንግሥት ይህን ሊነካ ሲል ዳንሰኞቹ በገና ዋዜማ ኦፔራው ደረጃ ላይ ወጥተው በብርድ ደነሱ።

እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለ ጡረታ የለም። ስለዚህ ልጅቷ ገና ስትጀምር ስለ ማቆም ይወራ፤ አይከፋባችሁ። በ1985 ዳንሰኞችን ወደ ሌላ ሙያ ለማሻገር የተቋቋመ ድርጅት ነበር። በ2015 ዛሬ ኢንተርቴይንመንት ኮሚዩኒቲ ፈንድ ከሚባለው ጋር ተዋሕዷል። ምክር ይሰጣሉ፤ ለትምህርትም ድጋፍ አላቸው። ካሊፎርኒያ ያለው ሴንት ሜሪስ ኮሌጅም ሊፕ የሚባል የዲግሪ ፕሮግራም አለው። ለሚሠሩ ዳንሰኞች ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ሰዓቱ ከልምምድ ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የመድረክ ልምዳቸውም ሊቆጠርላቸው ይችላል።

ልጄ ዘንድሮ 27 ዓመቷ ነው። እሷም ዲግሪዋን ጀምራለች። ብዙውን የምታነበው ማቀዝቀዣው ላይ በቀይ በተቀለሙት ሳምንታት ነው።